እጁን ያጣ የሸንኮራ ቆራጭ በሕግ ዓይን

በሸንኮራም ሆነ በጥጥ እርሻ ላይ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ከሕይወቱ ቀጥሎ የሚሳሳለት ነገር ቢኖር እጁ ነው። ቆንጨራ ያመለጠው ወይም መኪና የያዘው ሠራተኛ ሐኪም ቤት ተኝቶ የሚያስጨንቀው ከሕመሙ ይልቅ ከእንግዲህ ምን ሠርቶ እንደሚያድር ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ጉዳትን የሚመዝነው በቁስሉ አስፈሪነት አይደለም። «ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት» የሚለው የማይድነውንና ሠራተኛው ማናቸውንም ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ እንዳይሠራ የሚከለክለውን ነው። ክርክሩ የሚነሣው «ማናቸውንም» ከምትለው ቃል ላይ ነው። ቀኝ እጁን ያጣው ቆራጭ ሸንኮራ መቁረጥ ባይችልም በር መጠበቅ ይችላል ከተባለ ጉዳቱ ከፊል ይሆናል። ፊደል ላልቆጠረና ከቆንጨራ በቀር ሌላ መሣሪያ ላልጨበጠ ሰው የዘበኝነቱን ሥራ ማን እንደሚሰጠው ግን የጉዳት መመዘኛው ሠንጠረዥ አይናገርም።

የገንዘቡ ልዩነትም ቀላል አይደለም። የጡረታ ሕግ የማይሸፍነው ሠራተኛ ጉዳቱ ሙሉ ከሆነ የዓመት ደመወዙ በአምስት ተባዝቶ ይከፈለዋል፤ ከፊል ከሆነ የሐኪሞች ቦርድ በወሰነው መቶኛ ልክ ይቀነሳል። በወር 2,000 ብር የሚያገኝ ሰው በመጀመሪያው 120,000 ብር፣ ጉዳቱ 50 በመቶ ነው ቢባል ደግሞ 60,000 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው።

አሠሪው «ጥፋት የለብኝም» ቢልም በመሠረቱ ከኃላፊነት አይድንም። ሆን ብሎ ራሱን የጎዳ ወይም ሰክሮ ሥራ የገባ ሠራተኛ ግን መብቱን ያጣል።

የቦርዱ ውሳኔም የታሰረ አይደለም። ሕመሙ ከተባባሰ ወይም ምርመራው ስሕተት ሆኖ ከተገኘ ጉዳዩ እንደገና ሊታይ ስለሚችል፣ ጉዳተኛው የመጀመሪያውን የሐኪም ወረቀት መጣል የለበትም።