በግቢ የተለማመደ በፈተና ሜዳ አያፍርም

«ሞተር ብስክሌት መንዳት ምን ያስቸግራል?» የሚሉ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። አስነሥቶ፥ ማርሽ አስገብቶ፥ ቤንዚን ሰጥቶ መብረርማ በእርግጥ ብዙ ቀን አይፈጅም። ነገር ግን በፈተና ሜዳ ተፈታኙን የሚያስጨንቀው አብዛኛውን ጊዜ መብረሩ ሳይሆን ማዝገሙ ነው። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ለሞተር ነጂ የተነገረ ይመስላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞተር በፍጥነት ሲሄድ ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብል የፊት ጎማው ራሱ ወደዚያው እየዞረ ሚዛኑን ያቃናል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ግን ይህ ረድኤት ይደክማል፤ ሚዛን የመጠበቁም ሥራ በነጂው ዓይን፥ እጅና እግር ላይ ይወድቃል። በተጨናነቀ ገበያ፥ በጠባብ መንደርና በጭቃ መንገድ የሚያድነውም ይኸው ችሎታ ስለሆነ መርማሪዎች አጥብቀው ቢጠይቁት አያስደንቅም።

በጃፓን አገር ይህን የሚመዝነው ፈተና «ነጠላ ድልድይ» ይባላል። ርዝመቱ 15 ሜትር፥ ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር፥ ከፍታው 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠባብ መደብ ነው። ጉልበቱ 400 ሲሲ ያህል የሆነ ሞተር የያዘ ተፈታኝ ቢያንስ 7 ሰከንድ፥ ከዚያ በላይ የያዘ ደግሞ ቢያንስ 10 ሰከንድ ቆይቶ እንዲሻገረው ይፈለጋል። 15 ሜትርን በ10 ሰከንድ መሻገር በሰዓት 5.4 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ ይህም ሰው በእግሩ የሚራመደው ያህል ነው። ፈጥኖ የተሻገረ ነጥብ ይቀነስበታል፤ ከድልድዩ የወረደ ግን ፈተናው እዚያው ላይ ያበቃል። በብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ2009 የተግባር ፈተናው ለሁለት ሲከፈል፥ የመጀመሪያው ክፍል በስምንት ቁጥር ቅርጽ መዞርን፥ በእግረኛ እርምጃ ልክ ማዝገምንና ዞሮ መመለስን እንዲይዝ ተደርጓል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በፈተናው ቀን ማለዳ መማር አይቻልም። ነገር ግን ግቢ ያለው ሰው ብዙውን በቤቱ ሊለማመድ ይችላል።

በመጀመሪያ ሞተሩን ሳያስነሡ በመቆሚያው ላይ አቁሞ መቀመጥ ነው። ፍሪሲዮኑን፥ የፊቱንና የኋላውን ፍሬን፥ ማርሹን ዓይን ሳይረዳው እጅና እግር እስኪያገኛቸው ድረስ መደጋገም ይገባል። የማርሽ አገባብ ከሞተር ሞተር ሊለያይ ስለሚችል፥ ለፈተናው በሚቀርበው ዓይነት ላይ መለማመድ ይመረጣል። ቀጥሎ ሞተሩን በእጅ እየገፉ ግቢውን መዞር ክብደቱን ያስተዋውቃል።

ሁለተኛው የፍሪሲዮን ትምህርት ነው። ማርሹን አንደኛ ላይ አድርጎ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ሲለቁት ሞተሩ መሳብ የሚጀምርበት አንድ ነጥብ አለ። ማዝገም ማለት በዚያች ነጥብ አካባቢ መቆየት ማለት ነው። ቤንዚኑን በአንድ መጠን ይዞ፥ ፍጥነቱን በፍሪሲዮኑና በኋላው ፍሬን መቆጣጠር ይበጃል። መሪው ታጥፎ ሳለ የፊቱን ፍሬን ድንገት መያዝ ግን ሞተሩን ወደ ጐን ይጥላል። ሞተርም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይነሣ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዝ አለበት።

ሦስተኛው መንገዱን በጠመኔ መሥመር ነው። ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር፥ ርዝመቱ 15 ሜትር ይሁን። ግቢው ካልበቃ 7 ሜትር ተኩል አሥምሮ ሰዓቱን በግማሽ መቀነስ ነው፤ 7 ሰከንዱ 3 ተኩል፥ 10 ሰከንዱም 5 ይሆናል። ከቤተ ሰብ አንዱ ሰዓት ይዞ ይቁጠር፤ ልጆችና ከብቶች ግን ይራቁ። ነጂው ከጎማው ሥር አይመልከት፤ ዓይን ወደ መሥመሩ ጫፍ ሲያይ እጅም ወደዚያው ይመራል። ይህ ሲለመድ ሁለት ቆርቆሮ አራርቆ አስቀምጦ በዙሪያቸው ስምንት ቁጥር መሥራት ይቻላል። ሞተር የሌለውም ተስፋ አይቁረጥ፤ ባለ ፔዳሉ ብስክሌት ፍሪሲዮን ባያስተምርም ሚዛንንና ዓይንን ያስተምራል።

ይሁን እንጂ ግቢ ሁሉን አያስተምርም። የብሪታንያው ፈተና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዱ በድንገት መቆምን ይጠይቃል፤ እንዲህ ያለው ልምምድ ሰፊ ሜዳና አስተማሪ ይሻል። መንጃ ፈቃድ ሳይኖር በራስ ሥልጣን ወደ አደባባይ መውጣትም ሕግን መጣስ ነው። የራስ ቁር ደግሞ በግቢም ቢሆን አይቅር። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመና ብዙ ጥናቶችን ያመዛዘነ ምርመራ የራስ ቁር የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፥ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ለብዙ ወጣት መንጃ ፈቃድ የእንጀራ በር መሆኑን እናውቃለን፤ በፈተና መውደቅም የገንዘብና የጊዜ ኪሳራ ነው። ዳሩ ግን መርማሪው የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲሆን መንገዱ ግን ነጂውን ዕድሜውን ሙሉ ይፈትነዋል። በመንገድ ላይ የወደቀ ደግሞ እንደገና የመፈተን ዕድል ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ በጠመኔ መሥመር ላይ በትዕግሥት የምታልፍ እያንዳንዷ ሰዓት ለወረቀቱ ብቻ ሳይሆን ለነጂው፥ ከኋላው ለሚቀመጠውና በመንገዱ ዳር ለሚሄደው እግረኛ ሁሉ የምትጠቅም መሆኗን ለወጣቶቻችን እናሳስባለን።