ሸዋ ሮቢትን በጉግል ሲፈልጓት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሰናብቶ ወደ ይፋት ቆላ ሲወርድ ሹራቡን ያወልቃል። ሸዋ ሮቢት ከመዲናዋ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አርፍዶ የተነሣ መንገደኛ ማደሪያ የሚያስብባት ከተማ። ዱሮ መኪናውን አቁሞ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ገና ደብረ ብርሃን ሻይ እየጠጣ ስልኩ ላይ «ሸዋ ሮቢት አልጋ» ብሎ ይጽፋል። ባለሆቴሉ ግን ከፍሎ ባሠራው ድረ ገጽ ላይ «ዘመናዊና ምቹ የመስተንግዶ አገልግሎት» አስጽፏል። አልጋ የሚል ቃል ከላይ እስከ ታች የለም። የከተማዋም ስም ያለው በሆቴሉ ፎቶ ላይ በሚታየው ታፔላ ብቻ ነው።

ይህን ጉድለት የማረም ሥራ ኤስ ኢ ኦ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፦ እንደ ጉግል ያለ የመፈለጊያ ሞተር ገጹን እንዲያገኘው፣ ስለ ምን እንደሆነ እንዲገባው፣ ለፈላጊውም እንዲያሳየው አድርጎ ማሰናዳት። ሞተሩ ጥያቄ ሲቀርብለት ያን ጊዜ ተነሥቶ ኢንተርኔትን አያስስም። ቦት የሚባሉት ፕሮግራሞቹ ከሊንክ ወደ ሊንክ እየተሻገሩ ገጾችን አስቀድመው ያነባሉ፤ ያነበቡት በግዙፍ ማውጫ ይመዘገባል። የእኛ ጥያቄ የሚሄደው ወደ ማውጫው ነው። እዚያ ያልገባ ገጽ የቱንም ያህል ቢያምር በፍለጋ አይወጣም።

ከገቡት መካከል ማን ይቅደም የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ጉግልን ያቋቋሙት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ባፈለቁት ሐሳብ ነበር፦ ወደ አንድ ገጽ የሚያመለክቱ ሌሎች ገጾች እንደ ምስክር ይቆጠራሉ፤ የምስክሩም ክብደት እንደ ማንነቱ ይለያያል። እንግዳ ሰው አውቶቡስ ተራ ወርዶ ቤት ሲጠይቅ ሦስት ባለሱቆች ወደ አንድ በር ከጠቆሙት፣ ወደዚያው እንደሚያመራው ነው። ዛሬ ሞተሩ ሌሎች ብዙ ምልክቶችንም ይመዝናል፤ ጀማሪ ባለ ድረ ገጽን ግን ከሁሉም በፊት ሊያሳስበው የሚገባው ፈላጊው የሚጽፈው ቃል ነው።

ለዚህ ከይፋት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊው አል-ዑመሪ በአረብኛ ሲጽፍ አገሩን አውፋት ብሎታል። የአውሮፓ ጸሐፊዎች ኢፋት ይሉታል። እኛ ይፋት እንላለን። አገሩን ይገዙ የነበሩት የወላስማ ነገሥታት መቃብርና የከተሞቻቸው ፍርስራሽ፣ ኖራ፣ አስባሪ፣ ማሳል፣ በዚሁ አካባቢ ተረተሮች ላይ ይገኛሉ፤ በ2000ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች አጥንተዋቸዋል። ጥናቶቹ ታትመዋል፤ ነገር ግን በአብዛኛው በፈረንሳይኛ፣ በፈረንጆቹ አጻጻፍ። «የይፋት ታሪክ» ብሎ በአማርኛ የሚፈልግ የሸዋ ሮቢት ተማሪ ስለ ገዛ አገሩ የተጻፈውን በዚህ መንገድ አያገኝም። አንድ አስጎብኚ ስለ ፍርስራሾቹ አንድ ጥሩ የአማርኛ ገጽ ቢጽፍ፣ በጽሑፉ ውስጥም ኢፋትንና አውፋትን በቦታቸው ቢያነሣ፣ ፉክክር የለበትም ማለት ይቻላል። በእኔ ግምት የአማርኛ ድረ ገጽ ትልቁ ዕድል ይኸው ነው፦ በእንግሊዝኛ ሺዎች የተረባረቡበት ጥያቄ በአማርኛ ብዙ ጊዜ መላሽ የለውም።

የፊደል ነገርም አለ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደላትን በጋራ ወደሚለዩበት ሥርዓት፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር በራሱ ፎንት ይጽፍ ስለነበር፣ ለዓይን አማርኛ የሆነው ለኮምፒውተሩ ትርጉም የለሽ ምልክት ነበር። ያ ችግር ተፈትቷል፤ ጽሑፍን በፎቶ መለጠፍ ግን ያንኑ ጣጣ መልሶ ያመጣል። የዋጋ ዝርዝሩን በፖስተር አሠርቶ ገጹ ላይ የሚሰቅል ነጋዴ ሞተሩ በግምት እንዲያነብ ያስገድደዋል። በተዘጋ የቴሌግራም ቡድን የተለጠፈ ዋጋ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። በኮምፒውተር ዘንድ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» የተለያዩ ቃላት እንደሆኑም አይዘንጉ። ደንበኛ እንደ አስተማሪ አይጽፍም፤ እንደለመደው ነው የሚጽፈው። «ሸዋ ሮቢት» እና «ሸዋሮቢት» ሁለቱም ይጻፋሉ። በርዕሱ ላይ አንዱን፣ በጽሑፉ ውስጥ ሌላውን ማስገባት አይከፋም።

ርዕስ ስል ከገጹ አናት ያለውን ብቻ አይደለም። በፍለጋው ውጤት ላይ በሰማያዊ የሚወጣው መስመር የገጹ ታይትል ይባላል። በብዙ ድረ ገጾች ላይ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል። እንኳን ደህና መጡ ብሎ ማን ይፈልጋል? «አልጋ በሸዋ ሮቢት፣ ደሴ መንገድ ዳር፣ ከመኪና ማቆሚያ ጋር» ቢል መንገደኛውም ሞተሩም ይግባባሉ።

የይፋት ማሾ ነጋዴ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። ማሾ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚሸጥ የወጪ ንግድ ሰብል ነው። የውጭ አገር ገዢው ማሾ የሚለውን ቃል አያውቅም፤ «ግሪን ሙንግ ቢን» ብሎ ነው የሚፈልገው። ገበሬውና አቅራቢው ደግሞ በአማርኛ ዋጋ ይጠይቃሉ። ለሁለቱ ሁለት ገጽ ያስፈልጋል፤ ጉግል የገጹን ቋንቋ የሚለየው ከሚታየው ጽሑፍ ስለሆነ፣ አንዱ ገጽ ላይ ግማሹን አማርኛ ግማሹን እንግሊዝኛ ማድረግ ሁለቱንም ያደናግራል።

ጉግል ገጾችን የሚመዝነው በስልክ በሚታዩበት መልክ ነው። ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ ግዙፍ ፎቶ የመንገደኛውን ዳታ ይበላል፤ ገጹ እስኪከፈት የሚታገሥም ጥቂት ነው። ሌላው የማይታይ ጠንቅ፣ ባለሙያው ድረ ገጹን ሲሠራ ቦቶች እንዳይገቡ የዘጋውን በር ሥራው ሲያልቅ ሳይከፍት መርሳቱ ነው። ሲረከቡ ይጠይቁት።

«በሳምንት አንደኛ አወጣሃለሁ» የሚል ሻጭ ከመጣ በትሕትና ይሸኙት፤ ማንም ለአንደኝነት ዋስትና መስጠት እንደማይችል ጉግል ራሱ በግልጽ ይናገራል። «ሆቴል ሆቴል ሆቴል» እያሉ ገጽን በቃል መጠቅጠቅም ሆነ ሊንክ መግዛት ያስቀጣል። ሊንክ የሚሸምቱትን ለይቶ ዝቅ ማድረግ የጀመረው ፔንግዊን የተባለው የጉግል ማሻሻያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

ለሆቴል፣ ለጋራዥ፣ ለፋርማሲ ከድረ ገጹም በፊት የሚቀድመው በጉግል ካርታ ላይ በነፃ መመዝገብ ነው፤ ስልክ ቁጥሩ፣ የሥራ ሰዓቱና ትክክለኛ ቦታው ከተሞላ መንገደኛው በቀጥታ ይደውላል። ድረ ገጽ ያለው ሰው ደግሞ ሰርች ኮንሶል የሚባለውን የጉግል ነፃ መሣሪያ ያገናኝ። ሰዎች ምን ብለው ሲፈልጉ ገጹ እንደወጣላቸው ቃል በቃል ያሳያል። ዝርዝሩ ላይ «ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር ነው» የሚል ጥያቄ ቢያገኙ አይገረሙ። መልሱን በሁለት መስመር ጽፈው፣ ከሥሩ የአልጋውን ዋጋ ያስከትሉ።