ሚዛን ያልዳኘው ውድድር ጎረቤት ያጣላል
ስለ አሮጌ ትራክተሮች የጉተታ ውድድር የምድብ አወጣጥ

ከእርሻ ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን

አንዱ ገበሬ ለወራት ተቀልቦ የደለበ ጥማድ፣ ሌላው ደግሞ ከእርሻ ቀንበር ገና የወረደ የከሳ ጥማድ ይዘው ቀርበው ግንድ በማስጎተት ይወዳደሩ ቢባል፣ ተመልካቹ ውጤቱን ሳያይ ፍርዱን ይሰጣል። የተሸነፈው በሬው ሳይሆን ደንቡ ነው ይላል። በአሜሪካ የገጠር ወረዳዎች በየዓመቱ የእርሻ ትርዒት ሲደረግ በአሮጌ ትራክተሮች የጉተታ ውድድር ላይ የሚነሣው ክርክርም ይኸው ነው። በሬው በሞተር ተተካ እንጂ ጥያቄው አልተለወጠም። ማን ከማን ጋር ይሰለፍ?

ይህን ጉዳይ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች ማቅረባችን የሩቅ አገር ጨዋታ ለማውራት ብቻ አይደለም። አባላቱን የሚያወዳድር፣ ሽልማት የሚሰጥና ቅሬታ የሚሰማ መሪ ሁሉ ከእነዚያ ገበሬዎች ልምድ የሚቀስመው ቁም ነገር ስላለ ነው። ቁም ነገሩም ባጭሩ፣ የምድብ ደንብ ፍትሐዊ የሚሆነው ተወዳዳሪው ራሱ በሚዛን፣ በሜትርና በሰዓት ለክቶ ሊያረጋግጠው ሲችል ነው የሚል ነው።

ከሰው ሸክም ወደ ብረት ሣጥን

የትራክተር ጉተታ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1929 በሚዙሪና በኦሃዮ ግዛቶች እንደ ተጀመረ ይነገራል። ከዚያ በፊት ለጉተታ የሚሰለፉት ፈረሶች ነበሩ። በቀድሞው ጊዜ ትራክተሩ የሚጎትተው መሬት ለመሬት የሚንሸራተት ጠፍጣፋ ነገር ሲሆን፣ በመንገዱ ዳር በተወሰነ ርቀት የቆሙ ሰዎች ተጎታቹ በአጠገባቸው ሲያልፍ በየተራ ይወጡበት ነበር። ሸክሙ እየጨመረ ሲሄድ ትራክተሩ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። የቆመበት ርቀት ተለክቶ አሸናፊው ይለያል።

ዘዴው ቀላል ቢሆንም ጉድለት ነበረበት። አንዱ ሰው ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ነው። አንዱ ፈጥኖ ሲወጣ ሌላው ይዘገያል። ለወዳጁ ዘግይቶ ለባላንጣው ፈጥኖ ወጣ ተብሎ መታማትም አይቀርም። ከዚህም በላይ በሚንቀሳቀስ ተጎታች ላይ መውጣት ለአደጋ ያጋልጣል።

ከ1960ዎቹ ማብቂያ ገደማ ጀምሮ ግን በሰው ፈንታ ክብደትን ራሱ የሚያሸጋግር ተጎታች እየተስፋፋ መጣ። ይህ ተጎታች ከፊቱ መሬት የሚልስ ሰፊ ብረት፣ ከኋላው ጎማዎች አሉት። በላዩ ላይ ክብደት የያዘ ሣጥን ተቀምጧል። ጉተታው ሲጀመር ሣጥኑ ወደ ኋላ፣ ከጎማዎቹ በላይ ነው። ተጎታቹ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ሣጥኑም ወደ ፊት ይሳባል፤ ሸክሙም ከጎማዎቹ እየለቀቀ በብረቱ ላይ ያርፋል። በመሆኑም ሲነሣ ቀሎ የነበረው ሲርቅ እንደ ተራራ ይከብዳል። በተለምዶ ሙሉ ጉተታ የሚባለው 300 ጫማ፣ ማለትም 91 ሜትር ያህል ነው።

ገንዘብ ያለው ሲቀድም

ሸክሙ ለሁሉም እኩል ቢሆንም ጎታቾቹ ግን እኩል አልሆኑም። በየወረዳው ደንቡ የተለያየ ስለነበር ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሄዶ የሚወዳደር ገበሬ ይቸገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ከስምንት ግዛቶች የተውጣጡ ተወካዮች ተሰብስበው ብሔራዊ የትራክተር ጎታቾች ማኅበርን ሲመሠርቱ ዓላማቸው አንድ ወጥ ደንብ ማውጣት ነበር።

በ1970ዎቹ ደግሞ በአንድ ትራክተር ላይ ሁለትና ከዚያም በላይ ሞተሮችን የሚገጥሙ ተወዳዳሪዎች መጡ። እንዲህ ያለው መሣሪያ ለውድድር እንጂ ለማሳ አይውልም። ጠዋት ያረሰበትን ትራክተር አጥቦ ከሰዓት በኋላ ወደ ውድድሩ ሜዳ የሚያመጣው ገበሬ ከዚህ ጋር ቢሰለፍ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሸነፈም በኋላ አይመለስም። እርሱ ሲቀር ደግሞ ውድድሩ የጎረቤታሞች መሆኑ ቀርቶ የጥቂት ባለገንዘቦች ይሆናል። ያልተለወጡ አሮጌ ትራክተሮች ለብቻቸው የሚሰለፉበት ምድብ ትልቁ ጥቅሙ ይህን ገበሬ በሜዳው ማቆየቱ ነው።

የነብራስካ ገበሬ ያመጣው መለኪያ

በአፍ የተነገረን ጉልበት በመለኪያ የማረጋገጥ ልማድ ከውድድሩ የቀደመ ነው። የነብራስካው ገበሬና የግዛቱ ምክር ቤት አባል ዊልሞት ክሮዚየር የገዟቸው ትራክተሮች እንደ ተወራላቸው አልሆኑም። እርሳቸው ከደገፉት ሰዎች አንዱ የሆኑበት ሕግ በ1919 ወጣ። በሕጉ መሠረት በግዛቱ የሚሸጥ ትራክተር በነብራስካ ዩኒቨርሲቲ መፈተን ነበረበት፤ ሻጩም መለዋወጫ እንዲያቀርብ ተገደደ። በ1920 ፈተናውን በመጀመሪያ ያለፈው ዋተርሉ ቦይ የተባለው ትራክተር ሲሆን፣ የተመደበለት ጉልበት በመጎተቻው 12፣ በቀበቶው 25 የፈረስ ጉልበት ነበር። በመጎተቻው ያለውና በቀበቶው ያለው ጉልበት ለየብቻ መነገሩ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። ሞተሩ ያለው ጉልበት ሁሉ መሬት ላይ አይደርስምና።

ክብደት ወይስ ሞተር?

በኮሌጅ የእርሻ መሣሪያ ትምህርት ስንማር መምህራችን፣ «ትራክተርን ጎታች የሚያደርገው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን። አብዛኞቻችን ሞተሩ ነው አልን። እርሳቸውም ረግረግ ውስጥ የተያዘ ትራክተር አሳዩን። ሞተሩ ያጓራል፤ ጎማው በቦታው ይሽከረከራል። የሞተሩ ጉልበት ሥራ ላይ የሚውለው ጎማው መሬቱን ሲቆነጥጥ ነው፤ ጎማው የሚቆነጥጠውም በላዩ ክብደት ሲያርፍበት ነው።

የመጀመሪያው የምድብ መለያ ክብደት የሆነውም ስለዚህ ነው። ለምሳሌ ከ1947 እስከ 1952 የተሠራው ፎርድ 8ኤን፣ ከ1939 እስከ 1952 ከተሠራው ፋርሞል ኤም ጋር ሲመዛዘን ግማሹን ያህል ነው። ሁለቱም አሮጌ ናቸው ተብሎ በአንድ ምድብ ቢሰለፉ በሬን ከጥጃ ጋር እንደ መጥመድ ይቆጠራል። በብዙ ቦታ ምድቦቹ በ500 ፓውንድ ይለያያሉ፤ ይህም ከሁለት ኩንታል ጥቂት የሚበልጥ ነው። ትራክተሩ የሚመዘነው ግን ነጂው ተቀምጦበት፣ ነዳጁና ተጨማሪው ብረት ሳይቀነስ ነው። ነጂው ከሚዛኑ ውጭ ከቀረ ደንቡ በር ተከፈተለት ማለት ነው።

የተደበቀውን በሚታየው መግታት

ከሁሉ የሚያስቸግረው የሞተር ጉዳይ ነው። አንድ ሰው የአባቱን ትራክተር ውጭውን እንደ ጥንቱ ቀብቶ ውስጡን በትላልቅ ፒስተን ቢለውጠው በዓይን አይታይም። ደንቡ «ሞተሩ ያልተለወጠ ይሁን» ብቻ ካለ፣ ሞተሩ ተፈትቶ እስኪታይ ድረስ ሐሜት ይነግሣል። ሁሉንም ሞተር መፍታት ደግሞ አይቻልም።

ልምድ ያላቸው ማኅበራት ያገኙት መላ ፍጥነትን መወሰን ነው። ሸክሙ ቀስ በቀስ ስለሚከብድ፣ በፍጥነት የመጣ ትራክተር በግስጋሴው ኃይል ጥቂት ሜትር ይጨምራል። የተደበቀ ጉልበትም ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ በአንዳንድ ምድቦች ፍጥነቱ በሰዓት 3 ማይል፣ ማለትም 4.8 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሆን ይወሰናል። ይህ የእግረኛ ርምጃ ነው። በዚህ ርምጃ የሚሄድ ትራክተር የሞተሩ ትርፍ ጉልበት ብዙም አይጠቅመውም፤ የሚያስቆመው የጎማው መንሸራተት ነውና። የማይታየውን ሞተር ከመፈተሽ ይልቅ የሚታየውን ፍጥነት መለካት ተመረጠ።

የመጎተቻው ከፍታም እንዲሁ ነው። የሞፈሩ አሠራር ጥቂት ሲለወጥ ማረሻው እንደሚጠልቅ ወይም እንደሚንሳፈፍ ለሚያውቅ ገበሬ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። ሰንሰለቱ የሚታሰርበት ብረት ከፍ ሲል ብዙ ክብደት ወደ ኋላው ጎማ ይዞራል፤ ጎማውም ይቆነጥጣል። ነገር ግን የፊቱ ጎማ ከመሬት ይነሣል። በመሆኑም በብዙ ማኅበራት ከፍታው ከ20 ኢንች ወይም ከ51 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ጎማን በሚመለከትም ጥርሱን በመሣሪያ ቆርጦ ማሾል በብዙ ያልተለወጡ ትራክተሮች ምድብ ክልክል ነው።

መንገዱ፣ ተራውና ቅሬታው

አፈር እንደማይዋሽ ገበሬ ያውቃል፤ እንደሚለወጥም ያውቃል። የመጀመሪያው ጎታች ያልተረገጠ መንገድ ያገኛል፤ የኋለኛው የተደለደለ ወይም የተቦረቦረ ይደርሰዋል። ስለዚህ ተራ በዕጣ ይወጣል፤ በየመካከሉም መንገዱ ይስተካከላል። በብዙ ውድድሮች የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ውጤቱን የመቀበል ወይም እንደገና የመጎተት ምርጫ ይሰጠዋል። የእርሱ ጉተታ ለዳኞቹም የሸክሙ መፈተኛ ነውና።

ቅሬታ ያለው ሰው ደግሞ መያዣ ገንዘብ አስይዞ እንዲያቀርብ የሚያደርጉ ማኅበራት አሉ። ቅሬታው እውነት ሆኖ ከተገኘ ገንዘቡ ይመለስለታል። ይህም ሐሜትን ከጠላ ቤት አውጥቶ ወደ ዳኛ ፊት ያመጣዋል።

ምድብ የማይለየው ደንብ

ከፍትሕ ሁሉ በፊት የሚመጣው ሕይወት ነው። የፊት ጎማው የተነሣ ትራክተር ወደ ኋላ ተገልብጦ ነጂውን ሊጨፈልቅ ይችላል፤ ለመዝለል ጊዜ አይሰጥም። በብዙ ማኅበራት መገልበጥን የሚከለክል የብረት ድጋፍ ከኋላ እንዲገጠም ይታዘዛል። ትራክተሩ ከተጎታቹ ቢለይ ሞተሩን የሚያጠፋ ገመድም በብዙ ምድቦች የግድ ነው። በዚህ ላይ ለቀላልም ለከባድም፣ ለወዳጅም ለባላንጣም ልዩነት ሊደረግ አይገባም።

ለማኅበር መሪ የሚቀረው ትምህርት

ምድብ ሲያንስ ከባዱ ሁልጊዜ ያሸንፋል። ሲበዛ ደግሞ እያንዳንዱ ብቻውን ተሰልፎ ብቻውን ይሸለማል፤ ሽልማቱም ዋጋ ያጣል። መካከሉን ማግኘት የሚቻለው ስንት ሰው በየትኛው ክብደት እንደሚመጣ ተቆጥሮ ሲታወቅ ነው።

ስለሆነም ውድድሩ የትራክተር ይሁን የጥማድ በሬ፣ ወይም የደለበ ከብት፣ መሪው ደንቡን ከማጽደቁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ለአባላቱ ያቅርብ። ይህን ደንብ ተወዳዳሪው ራሱ ለክቶ ሊያረጋግጠው ይችላልን? ለውድድር ብሎ ገንዘብ ያላወጣው አባል በዚህ ምድብ የማሸነፍ ተስፋ አለውን? የሚዳኘው ሰው የራሱ ወይም የዘመዱ ንብረት በምድቡ ውስጥ የለበትምን? መልሱ አጥጋቢ ከሆነ ደንቡ በጽሑፍ ይውጣ፤ በስብሰባ ይነበብ፤ ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ እስከ ማብቂያው አይነካ። ስሕተት ቢገኝበት እንኳ ለሚቀጥለው ዓመት ይታረም።

አባቶች «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላሉ። በትክክል ተመዝኖ የተሸነፈ ሰው የጎረቤቱን እጅ ጨብጦ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ለከርሞም ይመለሳል። ሳይመዘን የተሸነፈ ግን ቂሙን ይዞ ይሄዳል። መሪው በውድድሩ ማግሥት የሚጠየቀውም ዋንጫውን ማን ወሰደው ተብሎ ሳይሆን፣ የተሸነፉት ምን እያሉ ሄዱ ተብሎ ነው።