ያውቁ ኖሯል? ስለ መስኮትና መጋረጃ

መጋረጃ ስንገዛ ብዙ ጊዜ በቀለሙ እንጀምራለን። መቅደም ያለባቸው ጥያቄዎች ግን ሌሎች ናቸው፦ መስኮቱ ወዴት ያያል? በክፍሉ ውስጥስ ምን ይሠራበታል?

● አዲስ አበባ ላይ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል እንደማትውል ያውቁ ኖሯል? ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ፀሐይ ቀትር ላይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል። «የሰሜን መስኮት ፀሐይ አያገኘውም» የሚለው የአውሮፓውያን ምክር እኛ ዘንድ አይሠራም።

● የሚያስቸግሩት የምሥራቅና የምዕራብ መስኮቶች ናቸው። ጠዋትና ማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ የጣሪያ ክፈፍ አያግዳትም። በነዚህ መስኮቶች ላይ እንደ ፀሐይዋ አቅጣጫ የሚዞር ብላይንድ ይመረጣል።

● ፀሐይን ከመስታወቱ ውጭ ማገድ ከውስጥ ከማገድ ይበልጣል። መስታወቱን አልፎ የገባ ጨረር ወደ ሙቀት ይለወጥና አብዛኛው ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። በቆዩ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ቤቶች ላይ የሚታየው የእንጨት የመስኮት መዝጊያ ለዚህ ሁነኛ ነው። ከውስጥ ብቻ ለመጋረድ ከተገደዱ ጀርባው ነጭ የሆነ መጋረጃ ይምረጡ። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ ነጭ የፕላስቲክ ጀርባ ያለው መካከለኛ ቀለም መጋረጃ የሚገባውን ሙቀት እስከ 33 በመቶ ሊቀንስ ይችላል።

● ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ተራ የመስኮት መስታወትም ከዚህ ጨረር ብዙውን ያሳልፋል። ስለዚህ በደጋ ከተማ ውስጥ ጨርቅም የሶፋ ልብስም ቶሎ ይደበዝዛል። ሐር በፀሐይ ቶሎ ስለሚደክም ገበር ይፈልጋል፤ ፖሊስተር የተሻለ ይችላል።

● ቀን ከውጭ ዓይን የሚሰውርዎ ስስ መጋረጃ ማታ መብራት ሲበራ ያጋልጥዎታል። ስሱን ከወፍራሙ ጋር ደርቦ መስቀል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

● የጨርቁ ስፋት ከመስቀያው ብረት ርዝመት 2 ወይም 2.5 እጥፍ መሆን አለበት። ብረቱ 2 ሜትር ከሆነ ከ4 እስከ 5 ሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ ያስፈልጋል። ከዚህ ካነሰ መጋረጃው ሲዘጋ እጥፋቱ ይጠፋል።

● ብረቱን ከመስኮቱ አናት 10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው፣ በግራና በቀኝም አስረዝመው ቢሰቅሉት መስኮቱ ሰፊ ይመስላል። መጋረጃው ሲከፈት መስታወቱን ስለማይሸፍን ብርሃንም አይቀነስም።

● የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ሊሰበሰብ ይችላል። ሳይሰፋ በፊት አንዴ ይታጠብ፤ አለዚያ ወለል ድረስ የነበረው መጋረጃ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

● ከባድ መጋረጃ የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ የመንገዱን ጩኸት ብዙም አያግድም። ድምፅ በመስኮቱ ክፈፍ ክፍተት ስለሚገባ መጀመሪያ ክፍተቱን ይድፈኑ።

● የብላይንድ ገመድ ሕፃናትን ይገድላል። በአሜሪካ ብቻ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ዘጠኝ ያህል ልጆች በየዓመቱ በገመድ ታንቀው እንደሚሞቱ የአገሪቱ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ይገልጻል። አደጋው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ፣ ያለ ድምፅ ይደርሳል። ሕፃን ባለበት ቤት ገመድ አልባ ብላይንድ ይግዙ። ገመድ ያለውን መቀየር ካልቻሉ ገመዱን ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ጠምጥመው ይሰሩት፤ አልጋውንና ወንበሩንም ከመስኮቱ ያርቁ።

● አውሮፓ ወይም አሜሪካ የምትኖሩ፦ ረጅም መጋረጃ ከመስኮት ሥር ያለውን ማሞቂያ ከሸፈነ፣ ሙቀቱ በመጋረጃውና በመስታወቱ መካከል ወጥቶ ይባክናል። ከማሞቂያው በላይ የሚያበቃ መጋረጃ ይበጃል።

● ወባ ባለበት ቆላ የትኛውም መጋረጃ የመስኮት ወንፊትን አይተካም። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ወንፊቱ ይቅደም።

● የጨርቅ ቀለም በሱቅ መብራትና በቤትዎ መስኮት አንድ አይደለም። ሻጩን ቁራጭ ናሙና ይጠይቁ፤ መስኮትዎ ላይ ይዘው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይዩት። ሦስቱንም ጊዜ ከወደዱት ይግዙት።