ቆሞ የሚውል መኪና የሚያስከትለው ዕዳ

ከጉለሌ አዲሱ ገበያ ተነሥቶ በእንጦጦ ተራራ በኩል ወደ ሱሉልታ የሚያልፈው መንገድ የጎጃም መንገድ መሆኑ በነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው መንገድ ዛሬ የድንጋይና የሲሚንቶ መንገድም ጭምር ሆኗል። በ1976 ዓ.ም. ማምረት የጀመረው የሙገር ፋብሪካ፣ በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የደርባ ፋብሪካ፣ በ2007 ዓ.ም. በሙገር አካባቢ የተከፈተው የዳንጎቴ ፋብሪካ፣ እንዲሁም በመስከረም ወር 2017 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ የተመረቀው የለሚ ፋብሪካ ሁሉም የሚገኙት ከዚህ በር በስተሰሜንና በስተሰሜን ምዕራብ ባለው አገር ነው። ስለዚህ በነዚያ የኖራ ድንጋይ ካባዎች አንድ ሎደር ወይም አንድ መፍጫ በተሰበረ ጊዜ፣ ጉዳቱ ሳይውል ሳያድር ወደ ከተማው ሱቅ፣ ወደ ግንበኛውና ወደ አስመጪው መዝገብ ይደርሳል።

የጉዳቱን መጠን በቀላል ሒሳብ መረዳት ይቻላል። የደርባ ፋብሪካ ሲቋቋም የተወሰነለት ዐቅም በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን ነው። ይህን ለ365 ቀን ብናካፍለው በቀን 6,800 ቶን ያህል፣ ማለትም 68,000 ኩንታል ይሆናል። ይህን ያህል ዐቅም ያለው ማናቸውም ፋብሪካ አንድ ቀን ቆሞ ቢውል፣ አራት መቶ አራት መቶ ኩንታል የሚጭኑ 170 ተሳቢ ያላቸው መኪናዎች ባዶአቸውን ቀሩ ማለት ነው። ሠራተኛው ደመወዙን፣ ባንኩ ወለዱን፣ የጥበቃው ሰው አበሉን ግን አይተዉም።

የድንጋይ ሥራ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው። መሰርሰሪያው ይበሳል፤ ፈንጂው ያፈርሳል፤ ሎደሩ ያነሣል፤ ገልባጩ ያመላልሳል፤ መፍጫው ያደቃል፤ ከዚያም ድንጋዩ ወደ ምድጃው ይሄዳል። የተከማቸ ድንጋይ ካለ ምድጃው ለጥቂት ቀን ይታገሣል፤ ክምችቱ ካለቀ ግን መቆሙ ግድ ነው። በውስጡ ያለው ድንጋይ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የሚግል ምድጃ አንድ ጊዜ ከበረደ የውስጥ ጡቡ ይሰነጠቃል፤ መልሶ ለማሞቅም ከአንድ ቀን የማያንስ ጊዜና ብዙ ነዳጅ ይጠይቃል። በዚህም ምክንያት ዋጋው በጥቂት ሺህ ብር የሚቆጠር አንድ ኩሽኔታ የሚሊዮን ብር ኪሣራ ሊያስከትል ይችላል።

ብልሽት የሚመጣው በድንገት የሚመስለው ላልተከታተለው ሰው ብቻ ነው። የካባ ዋና ጠላት አቧራ ነው። በአየር ፊልትሮ በኩል ሾልኮ ሞተሩን ይበላል፤ ከግራሶ ጋር ተደባልቆም ኩሽኔታውን እንደ ሞረድ ይፍቃል። የመፍጫው መንጋጋ፣ የሎደሩ ጥርስ፣ የማጓጓዣው ቀበቶና የገልባጩ ጎማ ደግሞ ሊያልቁ የተሠሩ ናቸው። የሚያልቁበትም ሰዓት ከሞላ ጎደል አስቀድሞ ይገመታል።

የሀገራችንን ችግር የሚያከብደው የጥበቃው ርዝመት ነው። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ አልፎ ረጅም መንገድ ይጓዛል። ከዚያ አስቀድሞም የባንክ ፈቃድና የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ሲሚንቶ ሲወደድ፣ ፋብሪካዎች ከዐቅማቸው በታች ላመረቱበት ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ የመለዋወጫ ዕቃ መጥፋት ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር የማግኘቱ መንገድ ተለውጧል። ነገር ግን 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር በላይ ስለ ወጣ፣ ዕቃን በመጋዘን አከማችቶ ማቆየት ካፒታልን በብዙ የሚያስር ሆኗል።

እንግዲህ መፍትሔው ሁሉን ነገር ገዝቶ ማከማቸት አይደለም፤ ለይቶ ማከማቸት ነው። መለዋወጫ በሦስት ቢመደብ ይበጃል። አንደኛው ክፍል ፊልትሮ፣ ግራሶ፣ ቺንጊያና የሎደር ጥርስ የመሳሰለው ዘወትር የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ይህ ምንጊዜም ከመደርደሪያ መጥፋት የለበትም። ሁለተኛው እንደ መፍጫ መንጋጋና እንደ ማጓጓዣ ቀበቶ ያለው በሰዓት ቆጠራ የሚታዘዝ ነው። ሦስተኛው ዋጋው ከባድ የሆነና እምብዛም የማይሰበር፣ ግን ከተሰበረ ሁሉን የሚያቆም ክፍል ነው፤ ይህን ብዙ ካባዎች በማኅበር ገንዘብ አዋጥተው አንድ ቢያኖሩ ለሁሉም ይደርሳል።

ለዚህ ሁሉ መሠረቱ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ መኪና የሠራበት ሰዓት፣ ዘይት የተለወጠበት ቀን፣ የተሰበረው ክፍልና ለጥገና የቆመበት ጊዜ ይጻፍ። ከሞተር የሚቀዳ ጥቂት ዘይት ቢመረመር፣ በውስጡ የሚገኘው የብረት ብናኝ የትኛው ክፍል እየተበላ እንደሆነ ገና ሳይሰበር ይናገራል። በአዳዲስ መኪናዎች ላይ ያሉት መቆጣጠሪያዎችም የሙቀትና የንዝረት ለውጥን ያመለክታሉ። በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመው የካይዘን ተቋም በፋብሪካዎች ካስተማረው ነገር አንዱም፣ መኪናውን የሚነዳው ሰው ራሱ በየማለዳው እንዲጠርገውና እንዲመረምረው ማድረግ ነው። ይህ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ አያስወጣም።

ነጋዴውም የሚወጣው ድርሻ አለ። አስመጪው የደንበኞቹን የሰዓት መዝገብ አስቀድሞ ቢያይ ምን፣ መቼ፣ ስንት እንደሚያዝዝ ያውቃል፤ ገንዘቡም በማይሸጥ ዕቃ ላይ አይታሰርም። ባለ ካባውም በዓመት ውል ቢገዛ በቁርጥ ቀን የተጋነነ ዋጋ ከመክፈል ይድናል። በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ስፍራ ዕቃ የሚሸጥ ባለ ሱቅ፣ ሐሰተኛ ኩሽኔታን በእውነተኛ ስም መሸጥ ለአንድ ቀን ትርፍ ደንበኛን ለዘለዓለም ማጣት መሆኑን ይገንዘብ። የቶርኖ ቤቶች ደግሞ ቡሽና ፒን የመሳሰለውን ቀላል ክፍል በትክክለኛው ልክና በተገቢው ብረት ቢሠሩ፣ የወደቡን መንገድ የሚያሳጥር ረዳት ይሆናሉ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በጭንቅ ሰዓት የተገዛ ዕቃና በችኮላ የተደረገ ጥገና አይበረክትም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክርም ለካባው፣ ለአስመጪውና ለባለ ሱቁ በአንድነት የተነገረ ነው። በጉለሌ በር የሚገባው ጭነት ሳይቋረጥ እንዲገባ ከተፈለገ፣ የመለዋወጫው ትእዛዝ ከብልሽቱ አስቀድሞ መጻፍ ይኖርበታል።