ጭቃውን የያዘው ጭድ

ደጋ ላይ ቤት ልትሠሩ ስትነሱ ስለ ባሕር ዛፉ ዋጋና ስለ ቆርቆሮው ውፍረት ብዙ ይወራል። ስለ ጭዱ ማንም አይጨነቅም፤ አውድማው ላይ ተከምሮ ይገኛላ! እኔ ግን ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ብልሁ እሱ ነው ባይ ነኝ።

እስቲ ሞክሩት። ከጓሮ ቀይ አፈር ዝገኑና በውሃ ለውሱ። ግማሹን እንዲሁ፣ ግማሹን ከአንድ እፍኝ የጤፍ ጭድ ጋር አሽታችሁ በሁለት የጣሳ ክዳን ላይ ጠፍጥፉና ጥላ ውስጥ አድርቁት። ጭድ የሌለበት ጭቃ ምጣድ ላይ እንደተረሳ እንጀራ ይሰነጣጠቃል። ጭድ ያለበትን ደግሞ ለመስበር ታገሉት፤ ቢሰበር እንኳ ቁራጮቹ በጭዱ ተንጠልጥለው ይቀራሉ።

የሸክላ አፈር ቅንጣቶች ጠፍጣፋና በዓይን የማይታዩ ደቃቆች ናቸው። ውሃ መሃላቸው ሲገባ ይራራቃሉ፤ ውሃው ሲተን ይጠጋጋሉ፤ ጭቃውም ይኮማተራል። ግድግዳ ላይ ግን ማገሩ ስለያዘው እንደ ልቡ መኮማተር አይችልም፤ ስለዚህ ይተረተራል። ስንጥቁ ገና ሲጀምር ጭዱ ግራና ቀኙን ይዞ ያስቆመዋል። ጣት በሚያስገባ አንድ ስንጥቅ ፈንታ ፀጉር የሚያህሉ ብዙ ስንጥቆች ይወጣሉ፤ እነሱን ልስኑ ይደፍናቸዋል።

ለምን የጤፍ? ቀጭንና ልስልስ ስለሆነ ጭቃው ውስጥ ይተጣጠፋል። የገብሱ ወፈር ያለና አንሸራታች ነው፤ ጤፍ በማይበቅልበት ውርጫም አገር ግን እሱም ያገለግላል። እንዲህ ባለው አገር፣ ለምሳሌ መንዝ ላይ፣ ግድግዳው ድንጋይ ቢሆንም ድንጋዩን የሚያያይዘው ያው ጭቃ ነው።

ጭቃው እንደተረገጠ ወዲያው አይመረግም። ውሃ እየጠጣ፣ እየተረገጠ ለቀናት ይቦካል። መሽተት ሲጀምር ደስ ይበላችሁ፤ ጥቃቅን ተሕዋስያን ጭዱን እያለሰለሱ የሚያጣብቅ ነገር እያወጡለት ነው። ጎረቤት ቢያጉረመርም ቻሉት።

ዋልካ አፈር ግን አትንኩ። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ በጣም ይኮማተራል፤ ጭድ ብቻውን አይችለውም።

ሌላው ጭድ የማይችለው ጎርፍ ነው። የደረቀ ጭቃ ውሃ ሲያገኘው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ የግድግዳው እግር ድንጋይ ይሁን፤ የጣራው ክፈፍ ወጣ ይበል። ቦታችሁ ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ቋሚ ከመትከላችሁ በፊት ከቤቱ በላይ በኩል ቦይ ቆፍሩና ውሃውን ወደ ጎን መልሱት።