ልክን በቁጥር ማንበብ፦ ዲጂታል መለኪያ በእንጨት ሥራ ማሽኖች ላይ

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ራቅ ብላ የምትገኘው ጋፋት ስትነሣ አስቀድሞ የሚታወሰው አፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ባለሙያዎችና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ ነው። ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚገመተው ይህ መድፍ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ለወራት ከተጎተተ በኋላ መቅደላ ደርሷል። እንዲህ ያለ ሥራ ከጉልበት ባልተናነሰ ልክን ይጠይቃል፤ ቅርጹ ከተዛባ የቀለጠው ማዕድን ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ዛሬ በደቡብ ጎንደር ከተሞች ጣውላ እየላጉ በርና መስኮት፣ ጠረጴዛና ቁም ሣጥን የሚሠሩ ባለሙያዎችን የሚፈትነውም ይኸው የልክ ጉዳይ ነው።

ክንድና ስንዝር እንደ ለኪው ሰው ይለያያሉ፤ ሜትር ይህን ችግር አስወግዷል። ሆኖም ጣውላን በሚፈለገው ውፍረት በሚልገው ማሽን ላይ ያለው መለኪያ ብዙውን ጊዜ ከገጹ ጋር የተጣበቀ ባለመስመር ብረትና አንዲት ጠቋሚ ብቻ ነው። ከላይ ሆኖ የሚያየውና ጎንበስ ብሎ የሚያየው ሰው የተለያየ ቁጥር ያነብባሉ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ስሕተት ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን ለአንድ ጠረጴዛ ፊት 12 ጣውላዎች ጎን ለጎን ሲያያዙ እያንዳንዳቸው በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሰፉ ጠረጴዛው በ6 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ትርፉን ለመላግ ጊዜ፣ ኤሌክትሪክና እንጨት ይባክናል፤ ኪሳራውም የባለሙያው ነው።

በማሽኑ ላይ የሚገጠመው ዲጂታል መለኪያ በሁለት ክፍሎች የተዋቀረ ነው። አንደኛው ቋሚ የብረት ዘንግ ሲሆን ሁለተኛው በዘንጉ ላይ የሚንሸራተት አንባቢ ነው። በብዙዎቹ ዘንጎች ውስጥ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ጥቃቅን የመዳብ ሰሌዳዎች አሉ፤ አንባቢው ሲንቀሳቀስ በሰሌዳዎቹ መካከል የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ሙላት ለውጥ እየቆጠረ ርቀቱን በሚሊ ሜትር ያሳያል። ሥራው በትንሽ ክብ ባትሪ ስለሚከናወን መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቢቆም እንኳ ልኩ አይጠፋም። መስኮቱ እስከ መቶኛ ሚሊ ሜትር ቢያሳይም ያን ያህል ትክክል ነው ማለት አይደለም፤ በተለመዱት ላይ የ0.02 ወይም የ0.03 ሚሊ ሜትር ስሕተት ይጠበቃል። ለእንጨት ግን ይህ ከበቂ በላይ ነው። ትልቁ ጥቅም ከመቶኛዋ ይልቅ ትናንት የተላገውን ውፍረት ዛሬ መልሶ ማግኘት መቻሉ ነው።

ሲገጠም ማሽኑ ከኤሌክትሪክ መነቀል ይኖርበታል። ዘንጉ ከማሽኑ አካል ጋር፣ አንባቢው ደግሞ ከሚወጣውና ከሚወርደው ጠረጴዛ ጋር በአንግል ብረት ይታሰራሉ። ዘንጉ ጠረጴዛው ከሚንቀሳቀስበት አቅጣጫ ጋር ትይዩ ካልሆነ አንባቢው ይጣበቃል፤ ቁጥሩም ይዘልላል። ከዚያ አንድ ቁራጭ እንጨት ተልጎ ውፍረቱ በካሊፐር ይለካል፤ የመለኪያው ንባብም ከዚያው ቁጥር ጋር እንዲስማማ ይደረጋል። ብዙዎች ይህን ደረጃ ይዘልሉታል፤ ያልተስተካከለ ዲጂታል መለኪያ ግን ከድሮው ጠቋሚ ይልቅ አደገኛ ነው፤ ሰው የበራ ቁጥርን አይጠራጠርምና። ጠረጴዛውም ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ልኩ ላይ ቢቆም ይመረጣል፤ በብሎኑ ጥርሶች መካከል ያለው ልቅነት ንባቡን እንዳያዛባ ይረዳል። በክብ መጋዝ ላይ ምላጩ በተለወጠ ቁጥር ማስተካከሉ ይደገማል፤ የምላጭ ውፍረት ይለያያልና።

መለኪያው የማያውቃቸው ነገሮችም አሉ። የመላጊያው ምላጮች በአንድ ጎን ዝቅ ካሉ ጣውላው እንደ ሽብልቅ ይወጣል፤ መስኮቱ ግን ያንኑ አንድ ቁጥር ያሳያል። ሰጋቱራ በዘንጉ ላይ ሲከማችም አንባቢውን ያውካል፤ ስለዚህ በየቀኑ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል።

ከሁሉ የሚከብደው እርጥበት ነው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ በእጅጉ ከሚኮማተሩ እንጨቶች አንዱ ነው። በክረምት ዝናብ የራሰ ጣውላ በመቶኛ ሚሊ ሜትር ተለክቶ በር ቢሆን፣ በበጋ በርካታ ሚሊ ሜትር ሊጠብና ሊጣመም ይችላል። መለኪያ ለመግዛት ያሰበ ባለሙያ ጣውላውን በጥላ ሥር፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባ ደርድሮ አየር የሚያገኝበትን ቦታ አስቀድሞ ቢያዘጋጅ ገንዘቡ በተሻለ ሥራ ላይ ይውላል።